የጥር ሰርግ እና የተደበቀብኝ ለቅሶ

በዚህ ገጽ የብዙዎቻችሁን ታሪክ አንብቤ አልቅሻለሁ፣ ስቄአለሁ፤ እኔ ግን ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ጨክኜ ጀመርኩት። ስሜ ይቆየኝ። ያለሁት ቤሩት ነው፣ ሰባተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ቢረዝም አትፍረዱብኝ፤ ሦስት ማታ ሙሉ አልጋዬ ላይ ሆኜ በስልክ የጻፍኩት ነው፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ቻርጅ እያለቀብኝ።

ማውራት የፈለግኩት ስለ መርዶ ነው። አገር ቤት ሰው ሲሞት ቤተሰቦቻችን ለምን ይደብቁናል? «ብቻዋን ናት፣ ሰው ቤት ናት፣ አትችለውም» ይላሉ። እኔ ይሄ ነገር ይቅር ባይ ነኝ። ብዙዎቻችሁ እንደማትስማሙ አውቃለሁ፤ አንዳንዶቻችሁ «ባይነግሩኝ ይሻለኛል» ስትሉ ሰምቻለሁ። እስቲ መጀመሪያ የአንድ ወር ታሪኬን ስሙኝ። እኔም ከጥፋቱ ንጹሕ አይደለሁም፣ እሱንም እናገራለሁ።

እኛ ዘመዳችን ብዙ ነው። ወሎ፣ ኮምቦልቻ አጠገብ ነን። እናቴ ለእናቷ ሰባተኛ ልጅ ናት፣ አባቴ ደግሞ ከዘጠኝ አንዱ። አክስት፣ አጎት፣ የአክስት ልጅ፣ የአጎት ልጅ፣ ምራት፣ አማች ስትቆጥሩ ጣት አይበቃም። ግማሹ እስላም ግማሹ ክርስቲያን ነው፣ እንደ ወሎ ደንብ። ሰርግ ሲሆን ለሁለቱም ለየብቻ ይታረዳል፤ ለቅሶ ሲሆን ደግሞ ቅሬው አንድ ነው፣ ሁሉም አንድ ድንኳን ውስጥ ይቀመጣል። እንዲህ ያለ ቤተሰብ ያላት ሴት ስልኳ ዝም አይልም። አንዱ ሲወልድ አንዱ ይታመማል፣ አንዱ ሲመረቅ የሌላው በሬ ይሞታል።

ወሩ ጥር 2017 ነው። ጥር እኛ አገር ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። እህሉ ገብቷል፣ ጥምቀት አለ፣ ሰርጉ ሁሉ እዚያ ላይ ነው። ያን ዓመት ደግሞ ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ይገባ ነበር፣ ረመዳን የካቲት 22። ስለዚህ ክርስቲያኑም እስላሙም ጾሙ ሳይደርስ ልጁን ልዳር ብሎ ተሻምቷል።

ጥር 1 ቀን እማዳም ቤት ሁሉም ቴሌቪዥኑ ላይ ተተክሏል። ሊባኖስ ከሁለት ዓመት በላይ ፕሬዝዳንት አልነበራትም፣ የዚያን ዕለት ጆሴፍ አውን ተመረጠ። እኔ ኩሽና ስኒ ሳጥብ ስልኬ ጮኸ፤ ታናሽ እህቴ ሴት ልጅ ወለደች፣ በሰላም ተገላገለች። እጄ ሳሙና እንደሆነ እልልታዬን አቀለጥኩት። እማዳም ሮጣ መጣች፣ ለፕሬዝዳንቱ መስሏት እሷም አብራኝ እልል አለች፣ አቅፋ ሳመችኝ። እኔም ዝም አልኩ፣ ደስታ ደስታ ነው ብዬ። እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

ከዚያ በኋላ ስልክ በስልክ ሆነ። አያቴ ዓይናቸው ላይ የነበረውን ሞራ ተገፈፉ፣ ብርሃናቸው ተመለሰ። በኢሞ ሲያዩኝ መጀመሪያ ያሉኝ «ምነው ከሳሽ?» ነው። ሰባት ዓመት ድምፄን ብቻ ሲሰሙ የኖሩ ሰውዬ፣ ባዩኝ ቀን መክሳቴን አዩብኝ። የአጎቴ ልጅ መምህርነት ተቀጠረ። ሌላው አጎቴ በሬው ገደል ገባበት። የወንድሜ ሰርግ ጥር 18 እሑድ ተቆረጠ።

ከእያንዳንዱ ወሬ ኋላ ደግሞ ያው የምታውቁት ነገር አለ። ለአራስ ጥሪ፣ ለሙሽራ ልብስ፣ ለዓይን ሕክምና፣ ለበሬ። ደመወዜ 250 ዶላር ነው፣ እነሱ ፍሬሽ የሚሉት። ሐምሌ 2016 ላይ የብሩ ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያ ጥር ከ120 ብር በላይ ይመነዘር ነበር። ዘመድ ሁሉ «ዶላሩ እኮ ጨመረ» ይላል። እሱ ልክ ነው፤ የዘይቱና የጤፉ ዋጋ አብሮ መጨመሩን ግን ሲጠይቁ እንጂ ሲቀበሉ አያስታውሱትም። ቅሬታ አይደለም፣ ወድጄ ነው የምልከው። የወንድሜን ሱፍ የገዛሁት እኔ ነኝ፣ ኩራትም አለብኝ።

የሰርጉ ቪዲዮ ሰኞ ጥር 19 ማታ በቴሌግራም ደረሰኝ። ሥራ ጨርሼ፣ በሬን ዘግቼ፣ ነጠላዬን ለብሼ ነው የከፈትኩት። ሳቁብኝ፤ ሰርግ ቤት የገባሁ እንዲመስለኝ ነው። ወንድሜ ያምራል። ሙሽሪት ታፍራለች። ዳሱ ሰፊ ነው። ሕፃናቱን መለየት አቃተኝ፣ ስሄድ ያልተወለዱ ናቸው።

ግን ከበሮው ሌላ ነው።

እስቲ ላስረዳችሁ። የእናቴ ታላቅ እህት አለች፣ እታለም ነው የምንላት። እኛ ቤት ሰርግ የሚባል ነገር ያለ እታለም ከበሮ ሆኖ አያውቅም። የእስላም ዘመዶቻችን ሰርግ ላይም የምትጠራው እሷ ናት። አመታቷን ከሩቅ እለየዋለሁ፤ መሀል ላይ ትንሽ ታቆማለች፣ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ሲይዝ ትለቀዋለች። ልጅ ሆኜ እናቴ ገበያ ስትውል ያሳደገችኝ እሷ ናት። ወደዚህ ስመጣ በሶና ቆሎ ቋጥራ ሰጥታኝ «እዛ ሄደሽ ባዶ ሆድሽን ቡና እንዳትጠጪ» አለችኝ። ሌላው ሁሉ እያለቀሰ ነበር፣ እሷ ስለ ቡና መከረችኝ።

ቪዲዮው ላይ ከበሮውን የያዘችው የጎረቤት ልጅ ናት። መልሼ መልሼ አየሁት። እታለም ከዳሱም የለች፣ ከጓዳም የለች። በነጋታው ለእማዬ ደወልኩ። «ትንሽ አሟት ቤት ቀርታ ነው» አለችኝ። የወንድሜ ሰርግ ሆኖ? እታለም በቃሬዛም ቢሆን ትመጣለች እንጂ አትቀርም። እንደገና ጠየቅኳት። «ኔትወርኩ ይቆራረጣል» ብላ ዘጋችው።

ያኔ ኋላ ኋላዬን ማሰብ ጀመርኩ። ኅዳር ላይ «እታለም ደም ግፊቷ ተነሥቶ ሆስፒታል ገብታለች፣ ላኪ» ብለውኝ 150 ዶላር ልኬ ነበር። ከዚያ ወዲህ ላናግራት ስል አንድ ቀን ተኝታለች፣ አንድ ቀን ጸበል ሄዳለች፣ አንድ ቀን ስልኳ ተበላሽቷል። እኔም ደህና እንድትሆን ስለፈለግኩ አመንኩ። ሰው የፈለገውን ያምናል መሰለኝ።

እሑድ ጥር 25 ዕረፍቴ ነበር። ዶራ ሄድኩ፣ ሁሌ እንደምናደርገው ከአገሬ ልጅ ጋር ቡና ልንጠጣ። ይህች ልጅ የሰፈሬ ልጅ ናት፣ እናቷና እናቴ አንድ ቅሬ ናቸው። ቪዲዮውን ከፍቼ «እስቲ ስሚ፣ ይሄ የእታለም ከበሮ ነው?» አልኳት። ቀና ብላ አላየችኝም። ስኒውን አስቀመጠች። በቃ አወቅኩት። ሳትናገር አወቅኩት።

እታለም ያረፈችው ኅዳር 9 ቀን ነው። ሁለት ወር ከግማሽ አልፏል።

እንዴት እንደጮህኩ አላስታውስም። የማስታውሰው ሴቶች መምጣታቸውን ነው። አይቻቸው የማላውቅ፣ የትግራይም፣ የኦሮሞም፣ የአዲስ አበባም ልጆች ከየጠረጴዛቸው ተነሥተው መጡ፣ ነጠላ ያላት ነጠላዋን አጎናጸፈችኝ፣ መሬት ላይ አብረውኝ ተቀመጡ። አንዷ «ምንሽ ናት?» አለችኝ፣ «አሳዳጊዬ» ስላት የራሷን እናት እያነሣች አለቀሰች። እሷም እናቷን ያልቀበረች ናት። እዚያ የተቀመጥነው ሁሉ ማለት ይቻላል ያልቀበርነው ሰው አለን። የቤቱ ባለቤት ሙዚቃውን ዘጋልን። እግዚአብሔር ይስጣቸው ሁሉንም።

ማታ ስመለስ እማዳም ዓይኔን አይታ ማን ነው አለችኝ። «ኻልቲ» አልኳት፣ አክስቴ። «አላህ ይርሐማ» ብላ ሻይ አፍልታ ሰጠችኝ፣ ነገ አርፍደሽ ተነሺ አለችኝ። ክፉ ሴት አይደለችም። ማክሰኞ ግን የምሳ እንግዳ ነበረ፣ ኩባ ስጠቀልል ዋልኩ፣ ዕንባዬ በሽንኩርቱ አሳበበ።

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልምጣ። እማዬን «ለምን?» ብያታለሁ። መልሷ «እዛ ጦርነት ነው፣ በላይሽ ላይ ቦምብ እየወረደ በምን አንጀቴ ልንገርሽ?» ነው። እውነቷን ነው፣ ኅዳር ላይ ቤሩት ምን እንደነበረች የነበርን እናውቃለን። ግን ተኩሱ የቆመው ኅዳር 18 ነው። ዘጠኝ ቀን ነው ልዩነቱ። ጦርነቱ ሲቆም ምነው አልነገራችሁኝም? «ገና ደረሰ፣ በዓልሽን እንዳናበላሽ።» ገና ሲያልፍስ? «ሰርጉ ደረሰ።» አያችሁ? መርዶ አንዴ ካደረ ምቹ ቀን አያገኝም። ሁሌ አንድ በዓል፣ አንድ ልደት፣ አንድ ሰርግ ፊቱ ይቆማል። በተለይ እንደኛ ዘመዱ በበዛ ቤት፣ ደስታና ኀዘን የሌለበት ወር የት ይገኛል?

የ150 ዶላሩን ነገር ደግሞ ስሙ። እኔ የላክሁት ኅዳር 12 ነው። እሷ ያረፈችው ኅዳር 9። ሕክምና የተባለው ገንዘብ አርባዋ ላይ ዋለ። እንጀራው፣ ወጡ፣ ጠላው፣ ለካህናቱ የቀረበው፣ ግማሹ ከእኔ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ስሜት አለኝ። አንዱ ደስታ ነው፣ የእታለምን ተዝካር እኔ አወጣሁ፣ ወግ ነው። አንዱ ግን ያቃጥለኛል። ገንዘቤ ለቅሶ ቤት ሲደርስ እኔ እዚህ ስልክ ይዤ «እታለም ተሻላት?» እያልኩ ነበር። ብትነግሩኝ አልልክም ነበር እንዴ? የበለጠ እልክ ነበር!

ሌላው ደግሞ፣ ዘግይቶ የመጣ ኀዘን ብቻን የሚለቀስ ነው። እኔ ስጀምር እነሱ ጨርሰዋል። አርባዋ ወጥቷል፣ ሽማግሌ ገብቶ ሰርጉ ይቀጥል ተብሏል፣ ሰው ወደ ሥራው ተመልሷል። ደውዬ ሳለቅስ እማዬ «በቃ አሁን፣ ቻይው፣ እኛም ቻልነው» ትለኛለች። እናንተ እኮ የቻላችሁት ለሦስት ቀን ሰው ከቦ አስለቅሷችሁ፣ ንፍሮ አብልቷችሁ ነው። እኔን በምን ትለኪኛለሽ?

የሰፈሬ ልጅ ነገርም አለ። ለሷ የተነገራት በሳምንቱ ነው፣ «አንቺ ቀስ ብለሽ ንገሪያት» ተብላ። አስቡት፣ ሁለት ወር ሙሉ እሑድ እሑድ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ቡና ጠጥታለች። ስስቅ አብራኝ ስቃለች። እቤቷ ስትገባ ራሷን ያማት እንደነበር ኋላ ነገረችኝ። አንድ ቀን ልትነግረኝ ወስና መጥታ እኔ የአክስቴ ልጅ ተቀጠረ ብዬ ጋበዝኳት። መጀመሪያ ተቀይሜያት ነበር፣ አሁን አልቀየምም። ሸክሙን የጣሉባት ናቸው የበደሏት። ቤተሰብ ሲደብቅ ኀዘኑ አይጠፋም፣ ሌላ ሰው ጫንቃ ላይ ነው የሚያድረው፣ ያውም እንደኛው ሰው ቤት ስትሠራ የምትውል ልጅ ጫንቃ ላይ።

ከሁሉ የባሰብኝ ግን ማመን መተዌ ነው። አሁን «ሁላችንም ደህና ነን» ሲሉኝ በስም እቆጥራቸዋለሁ። አያቴ ተኝተዋል ካሉኝ ካሜራውን አዙሩት እላለሁ። ምስኪን ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ከእንቅልፋቸው ቀስቅሼአቸዋለሁ።

እናንተ ደግሞ የምትሉትን አውቃለሁ። «አንቺ የእሑድ ዕረፍት አለሽ፣ ዶራ አለሽ፣ የተዘጋባትስ?» ልክ ናችሁ። ሊባኖስ የቤት ሠራተኛን የሥራ ሕጉ ራሱ አያውቃትም፤ የ1946ቱ ሕግ በአንቀጽ 7 ላይ እኛን ለይቶ አውጥቶናል። ስለዚህ ዕረፍት የሚሰጠኝ የእማዳም ልብ እንጂ ሕግ አይደለም፣ ልብ ያላገኘች ልጅ ደግሞ ቁልፍ ተዘግቶባት ነው የምትኖረው። እኔ ራሴ የመጀመሪያ ሁለት ዓመቴን፣ ሌላ ቤት እያለሁ፣ በረንዳ እንጂ ደጅ አላየሁም። ያኔ እታለም ሞተች ብትሉኝ ምን እሆን ነበር? እውነቱን ልናገር፣ አላውቅም። ካውያ እየተኮሰች መርዶ ሰምታ የወደቀች ልጅ አውቃለሁ። እማዳሟ «እንግዳ አለ፣ አታልቅሺ» ብላ ስልኳን ነጠቀቻት። ለእንዲህ ያለችው መንገሩ ቢከብድ አልፈርድም። ግን የምፈርደው እዚህ ላይ ነው፤ እንዴት እንንገራት ብሎ ማሰብ አንድ ነገር ነው፣ ጨርሶ አለመንገር ሌላ ነው። ጠዋት ሥራ ሳትጀምር አትንገሯት፣ በጽሑፍ አትንገሯት። ማታ ሥራዋን ጨርሳ፣ በድምፅ፣ የምትወደው ሰው ይንገራት። በነጋታው ደግሞ መልሳችሁ ደውሉ። ብዙ ቤተሰብ ይነግርና ይጠፋል፣ ፈርቶ። ያቺን የሁለተኛ ቀን ስልክ የሚያህል ነገር የለም።

አሁን ስለራሴ ጥፋት። መደበቅን የጀመረው ማን ይመስላችኋል? እኛው ነን። መስከረምና ጥቅምት ላይ የምኖረው ሐዝሚዬ ነበር፣ ዳሕዬ አጠገብ፤ ሌሊት ሲመታ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። እማዬ ስትደውል መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውኃውን እከፍታለሁ፣ የድሮኑ ድምፅ እንዳይሰማት። አንድ ቀን ድው ሲል ሰማችና «ምንድን ነው?» አለችኝ። «ሰርግ አለ፣ ርችት ነው» አልኳት። ከዚያ በፊት ሦስት ወር ደመወዝ ያልተከፈለኝን ዓመትም፣ እጄ በዘይት የተቃጠለውንም አታውቅም። ሁላችንም እንዲህ ነን። ፎቶ ስንልክ የእማዳምን ሳሎን እንጂ የምንተኛበትን አናሳይም። ሰባት ዓመት «ደህና ነኝ» ስላት ኖሬ፣ እሷ «ደህና ናት» ስትለኝ ምን ብዬ ልቆጣ?

ይሄን ሁሉ እያሰብኩ ሳለ ጥር 27 ማክሰኞ ማታ የማላውቀው የሳዑዲ ቁጥር ደወለ። የእታለም ልጅ ነው። ጥቅምት ላይ በጅቡቲ አድርጎ ወጥቶ፣ ባሕሩን ተሻግሮ፣ የመን ውስጥ ተይዞ፣ ድምፁ ከጠፋ ሦስት ወር ሆኖት ነበር። ሞቷል ብለን ፈርተናል። እታለም ደም ግፊቷ የተነሣው በሱ ነው። ጅዛን ገብቷል! አንድ እርሻ ላይ ሥራ አግኝቷል። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ጮኬ አመሰገንኩ። ከዚያ «እማዬ ስልኳ አይሠራም፣ ደህና ናት?» አለኝ።

«ደህና ናት» አልኩት።

አዎ። እኔ። ዶራ መሬት ላይ ተንከባልዬ «ለምን ደበቃችሁኝ» ካልኩ ሦስት ቀን አልሞላኝም። አፌ ላይ የነበረው ያ ቃል ነው፣ ሳላስበው ወጣ። ስልኩን ስዘጋ እማዬን ያወቅኳት ያኔ ነው። ክፋት አይደለም። ልጁ ከሞት አምልጦ ሲስቅ ሰምታችሁ ሳቁን መቁረጥ እጅ ያንቀጠቅጣል።

አራት ቀን ያዝኩት። እንቅልፍ የለኝም። በሁለተኛው ቀን እንደገና ደወለ፣ «እማዬን አገናኙኝ» አለ፣ «ጸበል ሄዳለች» አልኩት። አንድ በአንድ የእማዬን ቃል ነው የደገምኩት! ቅዳሜ የካቲት 1 አልቻልኩም። መጀመሪያ አብሮት የሚሠራውን የአገራችንን ልጅ ቁጥር ፈልጌ አገኘሁ፣ ማታ ከሥራ ሲገቡ አጠገቡ ሁን አልኩት፣ ሌሎቹንም ጥራ። ከዚያ ደውዬ ነገርኩት። ወገቤን ይዤ በአንድ ትንፋሽ ነው የተናገርኩት፣ ከተንቀራፈፍኩ እንደማልናገር አውቄ።

ረጅም ጊዜ ዝም አለ። የልጆቹ ድምፅ ከኋላ ይሰማል፣ «አይዞህ፣ አይዞህ» ይላሉ። ከዚያ «አርባዋ ወጥቷል?» አለኝ። ወጥቷል አልኩት። «በማን?» አለኝ። በሁላችንም አልኩት። ትንሽ ቆይቶ «ማክሰኞ ስደውል ታውቂ ነበር?» አለኝ። አውቅ ነበር አልኩት። ምንም አላለኝም። ይሄው እስከ አሁን ስለዚያ አላነሣውም፣ ግን ድምፁ ላይ አለ። አራት ቀን ነው። እኔን ሁለት ወር ከግማሽ ነው የደበቁኝ፤ የኔ አራት ቀንም ግን ለሱ ያው ነው።

በነጋታው ደወልኩለት፣ በሠልስቱም። ሌሊቱን ልጆቹ አብረውት አድረዋል። አልወደቀም፣ ራሱን አልጎዳም፣ ሰኞ ሥራ ገባ። «ይሻላል ማወቁ» ያለኝ በሳምንቱ ነው።

ከእማዬ ጋር አሁን ውል አለን። ማንም ይሁን ማን፣ ቤተሰብ ከሞተ፣ ሳምንት ሳያልፍ ትነግረኛለች። እሑድ ከሆነ በሰፈሬ ልጅ፣ እሑድ ካልሆነ ራሷ፣ ማታ። በበዓልም ቢሆን፣ በሰርግም ቢሆን። እኔ ደግሞ ስታመም አመመኝ እላለሁ። የመጀመሪያውን ቀን ርችት ያልኳት ቦምብ እንደነበር ነገርኳት። «አውቄዋለሁ» አለችኝ፣ «ርችት በቀን ይተኮሳል እንዴ?» እንደዚያ ሆነን ሁለታችንም እያወቅን ነበር የምንዋሸው። እናንተም ከነገ ዛሬ ሳትሉ፣ ሁሉም ደህና በሆነበት ቀን፣ ቤተሰቦቻችሁን ይሄን ተነጋገሩ። የማትፈልግ ካለችም «እኔ አገሬ እስክገባ አትንገሩኝ» ትበል፣ መብቷ ነው፤ ግን እሷ ትወስን እንጂ ሌላው አይወስንላት።

ባለፈው እሑድ እማዬ ደወለች። «ልጄ፣ ሦስት ወሬ አለ፣ ሁለት ደስታ አንድ ኀዘን» አለች። ልቤ ድው አለ። ከኀዘኑ ጀምሪ አልኳት። የአያቴ ላም ሞታለች። እኔ ሳቅ ልበል ለቅሶ ሳላውቅ ቀረሁ፣ እሷ ግን ኮስተር ብላ ከነበሽታዋ ነገረችኝ፣ ስንት ቀን እንደታመመች፣ ማን እንዳረዳት። ደስታው የእህቴ ልጅ ክርስትና መቃረቡና ወንድሜ ሚስቱ መፀነሷ ነው። ክርስትናው ላይ ከበሮ ማን እንደሚመታ ጠየቅኩ። እስካሁን አልተወሰነም፣ ከበሮው እታለም ቤት ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፣ ማንም አላወረደውም አለችኝ።

ለላሚቱ 50 ዶላር ልልክ ነው፣ ደመወዝ ስቀበል።

መርዶ የተደበቀባችሁ ካላችሁ፣ በስንት ጊዜ እንደሰማችሁና ማን እንደነገራችሁ ከሥር ጻፉልኝ።